መሪ ሲከብድ ሞተር የሚያጨስበት ምክንያት

መኪናዋ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። በዝግታ ስትታጠፍ መሪው ያቃስታል፣ ይከብዳል። ሞተሩ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ወፍራም ነጭ ጭስም ያወጣል። አንድ ጋራዥ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ነበር። ማስረጃው ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት) 140 ፒኤስአይ አካባቢ መሆኑ ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ 191 መደበኛ፣ 142 ዝቅተኛ ይላልና።

የመመሪያው ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጌጁም ዝቅ ይላል፤ ደህና 4ኤ-ኤፍኢ እዚህ 145 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳደርኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ወጥቶ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የቦቢናው መስመር ተነቅሎ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የሚለካው። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም፤ እዚህ አራት ብቻ ነበር። ለማረጋገጥ በየሲሊንደሩ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሬ ደግሜ ለካሁ። ፋሻ ካለቀ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ ብድግ ይላል፤ እዚህ ብዙም አልጨመረም። ሞተሩን ለማውረድ የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም።

የመሪውን ዘይት ሳይ ዕቃው ሊደርቅ ደርሷል፣ የቀረውም አረፋ ሠርቷል። መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ሁሉ ዘይት የት ገባ የሚለው ነው።

መልሱ የመሪ ፓምፑ ላይ ያለች ትንሽ ቫልቭ ናት። መሪ ሲጠመዘዝ ፓምፑ ሞተሩን ስለሚጫን፣ ቫልቯ በዘይቱ ግፊት ተከፍታ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ታሳልፋለች፤ ሚኒሞውም እንዳይወርድ ትደግፋለች። የውስጥ ማሸጊያዋ ሲያልቅ ሞተሩ በአየሩ መስመር የመሪውን ዘይት ይስባል። ዘይቱ ሲቃጠል ያጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ፓምፑም ዘይት ሲያጣ አየር እየሳበ ያቃስታል። በተለያየ ጋራዥ ቢታይ አንዱ ፓምፕ፣ ሌላው ሞተር ያስቀይር ነበር።

ምርመራው ፒንሳ ብቻ ይፈልጋል። ከቫልቯ የሚወጡትን ሁለት ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች ነቅሎ ውስጣቸውን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ደረቅ መሆን አለባቸው፤ የዚህችኛዋ ጨርቁን በቀይ ዘይት አራሰው። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ጫፎች በልካቸው ቡሎን ደፍኜ አስነሳሁ። ጭሱ ወዲያው አይጠፋም፤ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ውስጥ የተጠራቀመው እስኪቃጠል ጥቂት መንዳት ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹን አጽድቼ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወሰድኳት። ያ ዳገት ጥሩ ፈተና ነው፤ ካንዴላ ወይም ካቦ (የካንዴላው ገመድ) የደከመ እንደሆነ ከፍ ባለ ማርሽ ሲጫን መንተፋተፉን እዚያ ይናገራል። አልተንተፋተፈችም፣ ጭሱም ቆመ።

ያገለገለ ቫልቭ የሚገዛ ሰው በአንዱ ቀዳዳ ይንፋበት። ፓምፑ ግፊት ሳይሰጣት አየር ካሳለፈች ወይም ቀዳዳዋ ውስጥ ዘይት ካለ አይግዛት። ከተገጠመች በኋላ የሚሞላው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለው ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፣ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል። አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎችን በክሪክ አንስቼ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ አረፋው እስኪያልቅ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። መሪውን ጫፍ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ፓምፑን ያግላል።

ጎማዎቹ ከተነሱ አይቀር ታይሮዱንም (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ) አየሁ። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ሲወዘውዙት ከተንቀሳቀሰ ታይሮድ ነው፤ ከላይና ከታች ይዘው ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት (ጎማውን የሚይዘው መገጣጠሚያ) ወይም ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው። የግራው የውጭ ታይሮድ ላልቶ ስለነበር ተቀየረ። ሲፈታ የዞረበትን ቁጥር ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ማስገባት አላይመንት ቤት (የጎማ አቅጣጫ የሚስተካከልበት) እስኪደርስ ጎማ ከመብላት ያድናል።