በነዳጅ መስጫው ላይ ያለችው ብሎን

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ሐዋሳ ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። የቅዱስ ገብርኤልን ንግሥ ለማክበር ከአዲስ አበባም ከዲላም የሚመጣው ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። ልጆቹ አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ ከበሉ፣ አባ ኮዳን በቅርብ ካዩ በኋላ የሚቀራቸው ባለ አራት ጎማ ሞተር መንዳት ነው። እኔ እነዚህን ሞተሮች በሚያከራይ አንድ የመዝናኛ ቦታ መካኒክ ነኝ። ትልቁ ገበያችን ያ ሳምንት ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ አብዝቼ የምፈራውም እሱኑ ነው።

ወላጆችን የሚያዘናጋቸው የጎማው ብዛት ነው። ሁለት ጎማ ያለው ይወድቃል፣ አራት ጎማ ያለው ግን አይወድቅም ብለው ያምናሉ። የእኛዎቹን ጨምሮ ኳድ የሚባሉት የብዙዎቹ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች የኋላ ዘንግ አንድ ወጥ ነው። እንደ መኪና ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት የሚያዞር ዲፈረንሻል ስለሌለው ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሁልጊዜ እኩል ይዞራሉ። ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ረጅሙን መንገድ መሄድ ሲገባው የውስጠኛው ይይዘዋል፤ መሪው ተጠምዝዞም እንኳ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። እንዲታጠፍ ከተፈለገ ነጂው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ክብደቱን ወደ ኩርባው ማዘንበል አለበት። መቀመጫው የረዘመው ለዚህ ነው፤ ሰው እንዲደረብበት አይደለም። ሃያ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ መቶ ኪሎ ግድም የሆነ ብረት በሰውነቱ ክብደት ሊያጥፍ ሲሞክር አስቡት። ካልታጠፈለት ይጋጫል። በፍጥነት ላይ ሳለ በድንገት ከታጠፈ ደግሞ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም የሚያርፈው ነጂው ላይ ነው።

ስለዚህ በልጆቹ ሞተር ላይ ፍጥነት ይገደባል። በቀኝ እጀታው በኩል አውራ ጣት የሚገፋት የነዳጅ መስጫ አለች። በእሷ መያዣ ላይ አንዲት ቀጭን ብሎን ትገባለች፤ ወደ ውስጥ በጠበቀች ቁጥር መስጫዋ የምትሄደው ርቀት ያጥራል። እኔ ልጁ ከአዋቂ ሰው ሶምሶማ እንዳይፈጥን አድርጌ አስተካክላታለሁ፤ በዳዶ አጠብቃታለሁ። ከዚያ ከብሎኗ ራስ እስከ ዳዶው በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ መስመር አሰምርባታለሁ። የነካት ሰው ካለ መስመሩ ይሰበራል።

በበዓሉ ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተራው ደርሶት ወጣ። አባቱ አጥሩን ተደግፎ በስልኩ ይቀርጸዋል። አንድ ዙር እንደሄደ፣ «ይህ እኮ ኤሊ ነው! ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልነው?» አለ። ሞተሮቹን የሚያስነዳው ወጣት ባልደረባችን፣ «ችግር የለም ጋሼ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ» ብሎ ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። በሰዓቱ ጓሮ ሆኜ የሌላ ሞተር ካርቡሬተር እያጠብኩ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ነገረኝ። የልጆቹ ሞተር እንደዚያ አይጮህም። ካርቡሬተሩን ጥዬ ስሮጥ የእናቱን ጩኸት ሰማሁ።

ልጁ ከአሸዋው ወደ ጠጠሩ በሚሻገርበት ኩርባ ላይ መታጠፍ አቅቶት ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጋር ተጋጭቷል። ሞተሩ አልተገለበጠም፤ ግን ልጁ ወደፊት ተወርውሮ የመሪው ጫፍ ሆዱን መትቶታል። ስደርስ ተነሥቶ ቆሟል፣ አያለቅስም። የአደጋ መከላከያ ቆብ (ሄልሜት) አድርጎ ስለነበር ጭንቅላቱ ደኅና ነው። ዙሪያውን ያለው ሰው «ጎበዝ! ወንድ ልጅ!» እያለ አጨበጨበለት። አባቱ ልብሱን አራግፎ ሚሪንዳ አዘዘለት።

ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ነርስ ነበሩ። ቀረብ ብለው የልጁን ሸሚዝ ገለጡት። ከግራ ጎድኑ በታች የሳንቲም ያህል ክብ ቀይ ምልክት ታተመ እንጂ ቁስል የለም። ሚሪንዳውን ከእጁ ወስደው ለአባቱ፣ «ምንም እንዳይቀምስ፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት» አሉት። አባቱ፣ «ሲስተር፣ ደህና ነው እኮ፣ እየተራመደ ነው፤ ደግሞ መንገደኞች ነን» ሲል ቆጣ ብለው፣ «ዝዋይ ሲደርስ ቢወድቅብዎት ምን ሊያደርጉ ነው?» አሉት። በዚያች ቃል ተነሣ። ሆስፒታል ውስጥ በአልትራሳውንድ ሲታይ ጣፊያው ተሰንጥቆ ሆዱ ውስጥ ደም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው በክትትል ተኝቶ ድኖ ወጣ።

እኚያ ነርስ ያስተማሩን ነገር ለምን በሰፊው እንደማይነገር ይገርመኛል። መሪ ሆዱን የመታው ልጅ ቢሮጥም ቢስቅም ደኅና ነው አይባልም። ጣፊያ፣ ጉበትና ቆሽት የሚጎዱት ቆዳው ሳይቀደድ ነው፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ፣ የቆሽት ሲሆን ከዚያም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ የፊት መገርጣት፣ በግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ከታየ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሞተሩን ወደ ጓሮ ገፍቼ ሳየው ቀዩ መስመር ለሁለት ተከፍሎ፣ ዳዶው ላልቶ፣ ብሎኗ እስከ መጨረሻ ወጥታለች። ማታ ሥራ አስኪያጁ ያዘጋጁት ሪፖርት ግን «ሕፃኑ መሪውን መቆጣጠር ባለመቻሉ» ይል ነበር። አልፈርምም አልኳቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ መቆጣጠር አለመቻሉ ጥፋት አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እነዚህን ሞተሮች ጨርሶ እንዳይነዳ ይመክራል። ማሳቹሴትስ የተባለው ግዛት በአውሮፓውያኑ 2010 ከ14 ዓመት በታች ያሉትን በአብዛኛው በሕግ ከለከለ፤ ከሕጉ በኋላ በዚህ ሞተር ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ቁጥር በጉልህ ቀንሷል። እነዚያ ልጆች ከእኛ ልጆች የበለጠ ሰነፎች አይደሉም። ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ አስረዳኋቸው፤ ሪፖርቱም እንደገና ተጻፈ።

ወጣቱ ባልደረባችን ይባረር ሲባልም ተቃወምኩ። ብሎኗን መንካቱ ከባድ ጥፋት ነው፣ እሱም አልካደም። ነገር ግን ደመወዙ ትንሽ፣ ኑሮው በጉርሻ የሆነ ልጅ የተቆጣ አባት ፊት ቆሞ «አይሆንም» እንዲል ስንጠብቅ ጉልበቱን ከየት እንዲያመጣ ነው? አሁን ብሎኗ ላይ የሚታሸግ ክዳን ሠርቼ ገጥሜአለሁ፤ ካቻቢቴም ከእኔ ሣጥን አይወጣም። በልጁ አንጓና በሞተሩ መካከል የምትታሰር፣ ከተነቀለች ሞተሩን የምታጠፋ ቀይ ገመድም አለች። ድሮም ነበረች፤ ትጠላለፋለች እየተባለ ሣጥን ውስጥ ትቀመጥ ነበር። አሁን ያለሷ ቁልፍ አይዞርም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያለውን ልጅ መመለስም ጀምረናል። ሐኪሞቹ ከሚሉት ገና ሩቅ ነን፤ እኔ 16 ይሁን ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አላሸነፍኩም። አባት በትልቁ ሞተር ላይ ሕፃን ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ መንዳቱ አልተከለከለም፤ ፎቶው ያምራል፣ ገበያውም እሱ ነው። ሞተሩ ሲገለበጥ ደግሞ ከሥር የሚሆነው ከፊት ያለው ልጅ ነው፤ በላዩ ላይ ሞተሩም አባቱም ያርፋሉ። ባለፈው ሳምንት ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርቤዋለሁ፤ ከፋሲካ በፊት መልስ ካላገኘሁ ትልልቆቹን ሞተሮች እንደማልጠግን አብሬ ጽፌአለሁ።