እግዚአብሔር አያታችንን በመርከበኞች መዝገብ ውስጥ አሳየን

ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን! ይህን የምጽፈው እንደ እኛ በባሕር የጠፋባችሁ ዘመድ ካለ እንድትጸልዩም፣ እንድትፈልጉም ነው።

አያታችን በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ እናቴን የሦስት ወር ሕፃን ሆና ትተዋት ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ከዚያ የመን ወዳለችው የኤደን ወደብ ተሻግረው በእንግሊዝ የንግድ መርከብ ላይ እሳት አንዳጅ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ሞቷል ብዬ ላልቅስ ወይስ ይመጣል ብዬ ልጠብቅ?» ስትል ኖረች። እውነቱን ልናገር፣ እግዚአብሔርን ተቆጥቼው ነበር። «የድሀ አደጎች አባት ነህ ይሉሃል፤ ታዲያ ለዚህች ልጅ አንድ ወሬ መላክ እንዴት ከበደህ?» ብዬዋለሁ። እርሱ ግን ታገሠኝ።

ፍለጋው የሚጀመረው ለንደን፣ ኪው ከሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1918 እስከ 1941 የነበሩ መርከበኞች በካርድ ተመዝግበዋል፤ ፋይንድማይፓስት በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይም ይገኛሉ። «ሲ አር 1» የሚባለው ካርድ በስም ተራ የተደረደረ ነው፤ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የሥራ መደብና የመርከበኛውን የስንብት ደብተር ቁጥር ይዟል። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ወደ «ሲ አር 2» ትሄዳላችሁ፤ እዚያ የሠራባቸው መርከቦች ከነቀናቸው ተመዝግበዋል። መርከቦቹ የተጻፉት ግን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። መርከብ ባለቤትና ስም ቢለውጥ እንኳ ያ ይፋ ቁጥር አይለወጥም፤ ስሙን ሎይድስ ከሚባለው የመርከቦች መዝገብ ታገኙታላችሁ።

ለእኛ ለሐበሾች ትልቁ እንቅፋት ስም ነው። የአያታችን ስም በ«ወልደ» ስለሚጀምር ጸሐፊው ለሁለት ቆርጦ «ወልደ»ን ስም፣ ቀሪውን የቤተሰብ ስም አድርጎታል፤ የአባታቸው ስም ጭራሽ የለም። «ጸ»ን አንዱ ጸሐፊ በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፋታል። አሥራ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ሞክረን አጣን። ዘመኑንም ተጠንቀቁ፦ መርከበኛው የተወለደበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከተናገረ፣ ጸሐፊው እንዳለ ስለሚጽፈው ሰውዬው በወረቀት ላይ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። ፍለጋውን አሥር ዓመት ወደፊት፣ አሥር ዓመት ወደ ኋላ አስፉት። ከሐበሻ ምድር የሄደ ሰው የትውልድ ቦታው «ኤደን» ተብሎ ብታገኙትም አትለፉት። በ1925 የወጣ ደንብ ነጭ ያልሆኑ የውጭ አገር መርከበኞች ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገቡ ያስገድድ ነበር፤ ኤደን ደግሞ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች እዚያ ተወለድሁ ማለት የእንግሊዝ ተገዥ ነኝ ለማለት ይረዳ ነበር። አያታችንንም ያገኘናቸው በጾም በዋልንበት ረቡዕ፣ በአሥራ ሁለተኛው አጻጻፍ፣ «ኤደን ተወለደ» ተብለው ነው።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች።

የሲ አር 2 ካርዱን ያየሁት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ መርከብ ስም መለስኳቸው። የመጨረሻው መስመር 1941 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከሥሩ ባዶ። የዚያችን መርከብ ታሪክ ስፈልግ በዚያው ዓመት ጸደይ ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ በቶርፔዶ ተመትታ መስጠሟን አነበብሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። እናቴ በሚቀጥለው ክፍል ታስላለች። ለንደን ታወር ሂል ያለውን የንግድ መርከበኞች መታሰቢያ ዝርዝር ከፈትሁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያለቁና መቃብር የሌላቸው ወደ 24,000 የሚጠጉ ስሞች አሉበት። አያታችን የሉም። ግን ይህ ልቤን አላሳረፈውም፤ ስማቸው እንደገና ተጣሞ ተጽፎ ቢሆንስ? በዚያ ላይ የሕንድ መርከበኞች የሚታሰቡት ሌላ ቦታ፣ ቦምቤይና ቺታጎንግ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ተቆጥረው ቢሆንስ? የመርከበኞችን የጦርነት ሜዳሊያ መዝገብ አየሁ፤ እዚያም የሉም። እሱም ሜዳሊያ የጠየቀውን ብቻ ስለሚይዝ ማስረጃ አይሆንም። «ለዚህ ነው ያስፈለግኸኝ? ሞቱን ለእናቴ እኔ እንድነግራት?» ብዬ መሬት ላይ ተደፋሁ። ሳልጠራው «እስከ ባሕር መጨረሻም ብበርር በዚያ እጅህ ትመራኛለች» የሚለው መዝሙር አፌ ላይ መጣ። እያለቀስሁ ደጋገምሁት። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ነገር በራልኝ፦ ያ መዝገብ ራሱ የተዘጋው በ1941 ነው! በዚያ ዓመት ሌላ መዝገብ ተከፍቷል። ካርዱ ያለቀው መዝገቡ ስላለቀ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚናገረው የመርከቧ የሠራተኞች ውል፣ ማለትም እያንዳንዱ መርከበኛ የፈረመበትና የተሰናበተበት ቀን የሚጻፍበት ወረቀት ብቻ ነው፤ የ1939–1950 ውሎች ደግሞ በዚያው ኪው ቤተ መዛግብት፣ «ቢ ቲ 381» በሚባለው ክፍል በመርከቡ ቁጥር ተቀምጠዋል።

ሰባት ወር ጠበቅን።

ለንደን ያለሽው እህቴ፣ ጌታ ዘርሽን ይባርክ! መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይዛ የአንባቢ ካርድ አወጣች። እስክሪብቶ አይገባም፤ እርሳስ ብቻ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ግን በነፃ ነው። መጀመሪያ የወጣላት የቀደመው ጉዞ ውል ሆነ፤ የአንድ መርከብ ጉዞዎች በተለያየ ጥቅል ስለሚቀመጡ የጉዞውን ቀን አስቀድሞ ማመሳከር ያስፈልጋል። እሷ ሳትሰለች ተመለሰች። በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ የመጨረሻው ጉዞ ውል ነበረ። በአብዛኞቹ ስሞች ትይዩ፣ የስንብት ዓምዱ ላይ፣ መርከቧ የሰጠመችበት ያው አንድ ቀን ተጽፏል። በአያታችን ትይዩ ግን ከዚያ በአሥራ አንድ ቀን የሚቀድም ቀን፣ «ፍሪታውን፣ ሆስፒታል ቀርቷል» ይላል፤ ፍሪታውን በምዕራብ አፍሪካ የሴራሊዮን ወደብ ናት። ምክንያቱ ትኩሳት። ያንን ትኩሳት ማን እንደላከው አውቃለሁ!

ቀሪው ቀለለ። አዲሱ የአገልግሎት መዝገብ በ«ቢ ቲ 382» ነው። ከአውሮፓውያኑ መካከል ብቻ ፈልጋችሁ አትተዉ፤ እስያውያንና ሌሎች የውጭ ዜጎች ለብቻ ተመድበዋል፤ የእኛም እዚያ ተገኙ። እስከ 1952 ሠርተዋል። በ«ቢ ቲ 372» ደግሞ የመርከበኛው የግል ወረቀቶች የሚቀመጡበት ፖስታ አለ፤ ካታሎጉ በስም ይፈለጋል። በእሳቸው ፖስታ ውስጥ ፎቶግራፍ ነበረ። ያረፉት በ1961 ካርዲፍ ውስጥ መሆኑን የሞት ምስክር ወረቀት ነገረን።

ሁለቱንም አሳትመን ለእናቴ ሰጠናት፤ ፎቶውንና ከውሉ ላይ የፊርማውን መስመር። ፎቶውን ብዙ አየችው፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ፊርማውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ከላይም ከታችም የላቲን ፊርማና የጣት አሻራ አለ፤ መሀል ላይ ግን በፊደላችን፣ ጸሐፊው ሊያጣምመው ያልቻለው ስም። ጣቷን ከሥሩ እየጎተተች «ወ... ል... ደ...» ብላ አነበበች። «ደ» ላይ ቆም አለች።

«እግሯን ያስረዝማታል፤ እንደ እኔ» አለች።