«2 ሰዓት ትደርሳለች» ብዬ እናቴን ያንገላታሁበት ስሌት

እማዬ ጥር ላይ ዋሽንግተን ወንድሜ ጋ ልትሄድ ሆነ። ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ስልክ የሚነካካው እኔ ስለሆንኩ ሒሳቡ ለእኔ ተተወ።

ርቀቱ ቀላል ነው። ከቦሌ እስከ ደለስ ኤርፖርት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ገደማ ይሄዳል። አካፈልኩት፤ 13 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ቲኬት የቆረጠልን ልጅም «13 ሰዓት ነው» አለኝ። ኮራሁ።

ቲኬቱን ሳሰላው ግን 17 ሰዓት ተኩል ሆነብኝ። ለካ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያን ሁሉ መንገድ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። (ኤርፖርቱ እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር።) የልጁ 13 ሰዓት የመልሱ ነው። ደለስ ቆላ ቢጤ ስለሆነ ከዚያ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ይቺን አንዲት ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

መነሻው ማታ 4:30። 17 ሰዓት ተኩል ሲጨመር በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት። ክረምታቸው ስለሆነ 8 ሰዓት ቀነስኩ፤ በበጋቸው ቢሆን 7 ነው። ጠዋት 2 ሰዓት! ለወንድሜ «እማዬ ማክሰኞ 2 ሰዓት ትደርሳለች» ብዬ ጻፍኩለትና ተኛሁ።

«ጠዋት» አላልኩም። እሱ አሜሪካ 15 ዓመት ኖሯል። 2 ሰዓት ሲባል የሚታየው ከምሳ በኋላ ነው።

እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በርበሬና ሽሮ የያዘ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አራት ሰዓት ጠበቀች። እንግሊዝኛ አትችል፣ ስልኳ አይሠራ። ኋላ አንድ የሐበሻ ታክሲ ነጂ ነጠላዋን አይቶ «እማማ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አላት። ቁጥሩን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ነበር፤ ደወለላት። ወንድሜ መንገድ ላይ ነበር። መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው፦ «አንተ ልጅ፣ 2 ሰዓት አላልክም?»

ብያለሁ። እዚያ ላይ ነው የሚያናድደኝ። ነዳጁን፣ ከፍታውን፣ የሰዓት ልዩነቱን ሁሉ አግኝቼ በአንድ ቃል ተበላሁ።

የኔ ምክር፦ በአየር ርቀት አታስሉ፣ ቲኬቱ ላይ ያለውን ብቻ እመኑ፤ እሱ የተጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ የሚሉትንም ለአዲስ አበባ ሰው ተዉት። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ።

የመመለሻዋ ጊዜ ሲደርስ ወንድሜ «እማዬ 8 ሰዓት ቦሌ ትገባለች» ብሎ ጻፈልኝ። ወዲያው ደወልኩለት። «በማን 8 ሰዓት?»