ከሎኮሞቲቩ ይልቅ ጣቢያው፦ የቆርቆሮ ባቡር አጃቢ ዕቃዎችን ስለመሰብሰብ

አሮጌ የአሻንጉሊት ባቡር የሚሰበስቡ ሰዎች ዓይን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ባቡሩን በሚጎትተው ሞተር፣ በሎኮሞቲቩ ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ግን ከሐዲዱ ዳር የሚቆመውን ነው፦ ጣቢያውን፣ ሲግናሉን፣ የመንገድ ማቋረጫውን መዝጊያ፣ የመብራት ምሰሶውን፣ ድልድዩን፣ ዋሻውን፣ የዘበኛውን ጎጆ፣ በመድረኩ ላይ የተቆለለውን የቆርቆሮ ሻንጣ። ሎኮሞቲቭ የሚሠራ ሰው በእውን ያለ ሞተር ፊቱ ተደቅኖበት ያንኑ ለማስመሰል ይደክማል። ጣቢያ የሚሠራው ግን የትኛውንም የታወቀ ጣቢያ የመምሰል ግዴታ ስላልነበረበት፣ ስለ ዘመኑ ከተማ፣ ስለ ጉዞና ስለ ማስታወቂያ ያለውን ሐሳብ ሳይሸሽግ በቆርቆሮው ላይ አስፍሮታል። በእኔ ግምት የዚህ ስብስብ ዋና ጣዕም ይኸው ነው።

አጃቢ ዕቃዎቹን የወለዳቸው ከሥነ ጥበብ ይልቅ የንግድ ስሌት ነው። በጀርመን ጎፒንገን ከተማ በ1859 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ሜርክሊን ሥራውን የጀመረው ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ የቆርቆሮ የወጥ ቤት ዕቃዎችን በመሥራት ነበር። ድርጅቱ በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ፣ የሐዲዱ ስፋት በቁጥር የተወሰነ፣ በየጊዜው እየተቀጣጠለ የሚሰፋ የባቡር ሥርዓት ይዞ ቀረበ። የአሻንጉሊት ቤት ያለው ልጅ በየዓመቱ አዲስ ዕቃ እንደሚጨመርለት ሁሉ፣ ባቡር ያለውም መጀመሪያ ሐዲድ፣ ቀጥሎ ፉርጎ፣ ከዚያም ጣቢያና ድልድይ ይጨመርለታል ማለት ነው። የኑረንበርጉ ቢንግ፣ በ1900 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ላዮኔል፣ በ1920 ባቡር መሥራት የጀመረው የሊቨርፑሉ ሆርንቢ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የቦብሊንገኑ ኪብሪ ደግሞ ይበልጥ የታወቀው ለሌሎች ሰዎች ባቡር የሚሆኑ ጣቢያዎችን በመሥራት ነው።

ሰብሳቢ አስቀድሞ ሊለያቸው የሚገባ ሁለት የአሠራር ዘመናት አሉ። በቀድሞው ዘመን ቆርቆሮው፣ ማለትም ቲን በተባለው ነጭ ማዕድን የተለበጠው ስስ የብረት ሉህ፣ ተቆርጦና በብየዳ ተያይዞ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጣቢያዎች እንኳ በቀለማቸው ጠርዝ ይለያያሉ። በኋለኛው ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። በ1870ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በብረት ላይ የማተም ዘዴ ከተፈለሰፈ በኋላ፣ ጡቡም፣ በሩም፣ በግድግዳው ላይ የሚወጣው ሐረግም፣ የማይንቀሳቀሰው ሰዓትም፣ የትኬት መሸጫው መስኮትም ገና ሉሁ ጠፍጣፋ ሳለ በሊቶግራፍ ይታተማሉ፤ ከዚያ ሉሁ በመጫኛ ማሽን ተቆርጦ ይታጠፍና ትናንሾቹ ምላሶች በቀዳዳቸው ገብተው ይጠመዘዛሉ። ዋጋው የረከሰው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን የታተመውን ከተቀባው አላሳንሰውም፤ ሠዓሊው በጥላና በብርሃን ብቻ ለጠፍጣፋ ግድግዳ ጥልቀት የሰጠበትን ጥበብ በእጅ በተቀቡት ላይ እምብዛም አላየሁትም።

የመጠን ጉዳይ ለአዲስ ሰብሳቢ ግር የሚያሰኝ ነው። ዜሮ ተብሎ የሚጠራው ሐዲድ በውስጥ ጠርዞቹ መካከል 32 ሚሊሜትር፣ አንድ ተብሎ የሚጠራው ደግሞ 45 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ አጃቢ ዕቃዎቹ ግን ለዚህ ልኬት ብዙም አልተጨነቁም። በጣቢያው በር ጎንበስ ብሎ እንኳ የማይገባ መንገደኛ በመድረኩ ላይ ቆሞ ታገኛላችሁ፤ ሲግናሉ ከጣቢያው ጣሪያ በላይ ይወጣል። ላዮኔል በ1928 ያወጣው ቁጥር 300 ድልድይ በኒው ዮርክ ያለውን የሄል ጌት የባቡር ድልድይ ቅስት የተከተለ ሲሆን፣ በልኬት ትክክል ይሁን ቢባል ኖሮ በማንም ሳሎን የሚበቃ አልነበረም። በ1935 የወጣው የዚሁ ድርጅት የማቋረጫ ዘበኛ ደግሞ ባቡሩ በክብደቱ ከሐዲዱ ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ማገናኛ ሲጫን ፋኖሱን ይዞ ከጎጆው ብቅ ይላል። ዘበኛው ከጎጆው ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው፤ እንቅስቃሴውን ያየ ሰው ግን ይህን አያስተውለውም።

ዕድሜና መነሻ የሚታወቁት ዕቃውን ገልብጦ በማየት ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ አገሩ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት ስላስገደደ፣ በጀርመን ዕቃ ላይ ያ ጽሑፍ መኖሩ ዕቃው ለውጭ ገበያ እንደተሠራ ይጠቁማል፤ «የአሜሪካ ቀጠና ጀርመን» የሚል ከሆነ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የመጣ ነው። አንዱ ጣቢያ በተለያየ ቋንቋ ጽሑፍ ለተለያየ አገር ይሸጥ ስለነበር የሰሌዳው ቋንቋ የገዢውን እንጂ የሠሪውን አገር አይነግርም። ቀደምት ጣቢያዎች በውስጣቸው ሻማ ይበራባቸው ስለነበር በጣሪያው ሥር ጥላሸት ወይም ያበጠ ቀለም ማግኘት የተለመደ ነው፤ ይህን ምልክት እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ዕቃው ልጅ እንደተጫወተበት ስለሚመሰክር እወደዋለሁ።

የማስመሰያ ሥራም አለ። በ1910 ተሠራ በተባለ ዕቃ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ካለ፣ ያ ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ በኋላ ስለሆነ፣ ቢያንስ ዕቃው ተፈትቷል። ምላሶቹ ደጋግመው በመታጠፋቸው የነጡ ወይም የተሰበሩ ከሆነም እንደዚሁ ነው። በግልጽ ቅጂ ተብለው የሚሸጡ ዘመናዊ ሥራዎች ግን ማታለያ አይደሉም፤ ችግሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ምልክታቸው ሲፋቅ ነው።

ስለ ጥገና አቋሜ የከረረ ነው፦ የታተመ ቆርቆሮ ዳግመኛ አይቀባም። በእጅ የተቀባውን የተካነ ሰው በጥንቃቄ ሊሞላው ይችላል፤ ሊቶግራፉ ግን ገጹ ራሱ ዕቃው ስለሆነ በላዩ የሚደፋ ቀለም ሁሉ ዕቃውን ይሽረዋል። ለማጽዳት ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፤ አልኮልና መፋቂያ ፈሳሽ መከላከያውን ቫርኒሽ ከነቀለሙ ይዘው ይወጣሉ። ዝገትን በተመለከተ ማወቅ የሚገባው ነገር ቲን እንደ ዚንክ ለብረቱ አለመሠዋቱ ነው። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲጫር ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ በቲን የተለበጠው ሲጫር ግን እርጥበት ባለበት ብረቱ ራሱ ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ ትንሽ ጭረት ያለበት ጣቢያ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ደረቅ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ከኦክ እንጨት ባይሆን ይመረጣል፤ ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት እርሳስ ከተባለው ማዕድን የተሠሩ መንገደኞችንና የጣቢያ ሠራተኞችን በነጭ ዱቄት ይሸፍናቸዋል።

ትናንሾቹን ምስሎች ካነሣሁ፣ ዛሬ በዓለም የሚታወቁት ዲንኪ የተባሉት ትናንሽ የአሻንጉሊት መኪኖች መነሻቸው ይኸው አጃቢነት መሆኑን ልጨምር። ሆርንቢ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለባቡሩ ማስጌጫ ብሎ የጣቢያ ሠራተኞችን፣ መንገደኞችንና ጥቂት መኪኖችን አወጣ፤ በ1934 ዲንኪ የሚለው ስም ተሰጣቸው፤ በመጨረሻም ካጀቡት የቆርቆሮ ባቡር በላይ ዕድሜ አገኙ። ከዚያ ዘመን የቀሩትን በዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ዕቃዎች የሚገዛ ሰው ግን መንኮራኩሩንና አካሉን በማጉያ መነጽር ይመርምር፤ ቅይጡ በጥቂት እርሳስ ከተበከለ ብረቱ ከውስጥ እያበጠ ይሰነጠቃል፣ ከዓመታት በኋላም ይፈረፈራል፤ ይህንን የሚያቆም መድኃኒትም የለውም። በአንድ መደርደሪያ አጠገቡ የተቀመጠ ዕቃ ይጋባበታል የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው፤ ችግሩ ቅይጡ በቀለጠበት ቀን አብሮ የገባ እንጂ ከጎረቤት የሚመጣ አይደለም።