ሽታው የት ሄደ?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምንኖር ሰዎች አንድ የጋራ ችሎታ አለን፦ የፍሳሽ ሽታ አይሸተንም። ከመሀል ከተማ የመጣ እንግዳ ገና ከታክሲ ሲወርድ አፍንጫውን ይይዝና "ኧረ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?" ይላል። እኛ እርስ በርስ እንተያያለን። የቱ ሽታ? ሰፈሩ አልጸዳ፣ ጉድጓዱም ሞልቶ እንደፈሰሰ ነው።

"ለምደነው ነው" ይባላል። ልክ ነው። ግን የሚለምደው አእምሯችን ብቻ አይደለም፤ አፍንጫ ውስጥ ያለው ሴል ራሱ ዝም ይላል። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሽታን የማስበው በሌላ መንገድ ነው።

አፍንጫችን ውስጥ ላይኛው ጣሪያ ላይ ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ሚሊዮኖች የነርቭ ሴሎች ጸጉር የመሰለ ጫፋቸውን ንፍጥ ውስጥ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጫፉ ላይ የሽታ ሞለኪውል የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። የነዚህን ተቀባዮች ጂኖች ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል በፈረንጆቹ 1991 ይፋ አደረጉ፣ በ2004 ኖቤል ተሸለሙበት። የሰው አፍንጫ በትክክል የሚሠሩ ወደ 400 ዓይነት ተቀባዮች አሉት። አይጥ ከ1000 በላይ አላት፤ ጓዳ ያስቀመጥነውን ማሽላ ቀድማን ብታገኘው አይገርምም።

ሞለኪውሉ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ከውስጥ በኩል ጂ ፕሮቲን የሚባለው ይነቃል። እሱ አንድ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ኢንዛይሙ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ጥቃቅን መልእክተኛ በብዛት ያመርታል፣ መልእክተኛው የሴሉን በሮች ይከፍታል፣ ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ፣ ካልሲየሙ ደግሞ ሌላ በር ከፍቶ ክሎራይድ ያስወጣል፣ በዚህ ሁሉ የተፈጠረው ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰከንድ እንኳ አይፈጅም።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ የገባው ካልሲየም ሽታውን እንዳጎላው ሁሉ ያጠፋዋልም። በሮቹ ለሳይክሊክ ኤኤምፒ እንደ በፊቱ እንዳይታዘዙ ያደርጋል፤ መልእክተኛውን ራሱን የሚሰባብር ኢንዛይምም አለ። እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፦ አዲስ ሰው ሲመጣ ይጮሃል፣ ያው ሰው ሲመላለስ ቀና ብሎም አያይ።

ቡና ላይም ይሄው ነው። ጎረቤታችን እማማ ሲቆሉ የብረት ምጣዱን በየሰዉ ፊት እያዞሩ "አሽቱ እስቲ ልጆቼ" ይላሉ። ያኔ ቤቱ በሙሉ ቡና ነው። በረካ ሲደርስ ግን ማንም ስለ ሽታው አያወራም፣ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞሯል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍ። ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ያደነዝዛል። ከዚያ ከፍ ሲል ሰውን ባለበት ይጥላል። ከአየር ስለሚከብድ የሚጠራቀመውም ታች ነው። "ሽታው ቀንሷል፣ ግባና ጥረግ" ተብሎ ጉድጓድ የሚገባ የቀን ሠራተኛ የሚሞተው በዚህ ነው። ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ይጠራ፣ ውድ ቢሆንም።

ወደ ሴሉ ልመለስ። በሩን ከውጭ መጥተው የሚዘጉ ሞለኪውሎችም አሉ። ዝነኛው ትራይክሎሮአኒሶል ነው፣ ሻጋታ ክሎሪን ካለባቸው ኬሚካሎች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር። የወይን ጠጅ ቡሽ ያበላሻል፣ ቡናም ያበላሻል፤ ብራዚሎች "ሪዮ" የሚሉት የቡና እንከን የሚያያዘው ከሱ ጋር ነው። ድሮ የሚታሰበው የራሱን የሻጋታ ሽታ ጨምሮ እንደሚያበላሽ ብቻ ነበር። በ2013 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ዘመድ የሆነች እንስሳ የሽታ ሴል ላይ ሲሞክሩት፣ እጅግ ኢምንት በሆነ መጠን እነዚያን የሳይክሊክ ኤኤምፒ በሮች ሲያፍን አገኙት። እንግዲህ ቡናው ሻጋታ ሻጋታ ሳይሸት እንኳ "ምንም አይልም" የሚያሰኝ ሞለኪውል አለ ማለት ነው። ስለዚህ እርጥበት ቦታ የተቀመጠ ጥሬ ቡና በርካሽ ሲሸጡልኝ አልገዛም።

ሌሎች ደግሞ በሩን ትተው ተቀባዩን ይይዛሉ። ቡርጅዮናል የሚባለው የሽቶ ንጥረ ነገር የአበባ ሽታ አለው፤ ዩንደካናል የሚባለው ሌላ የሽቶ ንጥረ ነገር አብሮት ሲኖር ተቀባዩ ለቡርጅዮናል መልስ አይሰጥም። (ያው ተቀባይ የወንድ ዘር ሴል ላይም ተገኝቷል፤ በቤተ ሙከራ ቡርጅዮናል ወዳለበት ሲዋኝ ታይቷል። እዚያ ምን እንደሚያሸት እንጃ!)

ተቃራኒውም አለ። ፎርስኮሊን የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ህንድና ምሥራቅ አፍሪካ ከሚበቅል ተክል የሚገኝ፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚያመርተውን ኢንዛይም በቀጥታ ያስነሳል። ተመራማሪ ሳህን ውስጥ ባለ የሽታ ሴል ላይ ሲጨምረው፣ ምንም የሚሸት ነገር በሌለበት ሴሉ "ሸተተኝ" ይላል።

የሽቶና የሳሙና ኩባንያዎች ዓይን የጣሉት እዚህ ላይ ነው። መጥፎ ሽታን በሌላ ሽታ ከመሸፈን፣ የዚያን ሽታ ተቀባይ ብቻ ለይቶ የሚዘጋ ሞለኪውል ማግኘት። የሰው የሽታ ተቀባይ ሞለኪውል ይዞ ምን እንደሚመስል በዝርዝር የታየው ገና በ2023 ስለሆነ መንገዱ አሁን ነው የተከፈተው። እኛ ሰፈር ሱቅ የሚሸጠው የሽንት ቤት መርጫ ግን ገና መሸፈኑ ላይ ነው። ባለፈው ገዝቼ ነፋሁት፤ አሁን ሎሚ ሎሚ የሚል ሽንት ቤት አለኝ።