ከእትዬ ጎን

እናቴ ታላቅ እህቷን በአካል ካየቻት 19 ዓመት ሆነ። በስልክ ሳይገናኙ የሚያልፍ ሳምንት የለም። በቪዲዮም ይተያያሉ። ግን አክስቴ 81 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም ስለደከመ ከቤት ርቃ መሄድ ትታለች፤ ስለዚህ መሄድ ያለብን እኛ ነን። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። "ለከርሞ እንሄዳለን" እንላለን፣ ከርሞ ይመጣል፣ አንዱ ሥራ ይበዛበታል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ ደግሞ "ለከርሞ" እንላለን። እንዲህ ስንል ፍራንክፈርት የሚኖረው አጎታችን አምና አረፈ። እናቴ የወንድሟን ሞት የሰማችው በስልክ ነው። በዚያ ሳምንት ፊቷን ላየ ሰው "ለከርሞ" ማለት ይከብዳል። እኔ ከዚያ ወዲህ ቃሉን አልተናገርኩትም።

እናም እቅድ ማውጣት ጀመርን። ተጓዦቹ ስምንት ነን። እናቴ 74 ዓመቷ፣ አባቴ 79 ዓመቱ ነው። እኔና ባለቤቴ አለን፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችንና የ3 ዓመቱ ትንሹ አሉ፣ እህቴ አለች፣ የ9 ዓመት ልጇ አለ። የምናያቸው ዘመዶች ደግሞ አራት ቦታ ተበትነዋል። አክስቴ ስቶክሆልም ናት። የአጎቴ ባለቤትና ልጆቹ ፍራንክፈርት፣ ታናሽ ወንድሜ ቶሮንቶ፣ የአክስቴ ትልቋ ልጅ ለንደን።

እኔና እህቴ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን ሁሉንም ቤት የሚያዳርስ እቅድ ሠራን። 20 ቀን፣ አራት ከተማ። በሰንጠረዥ አስቀመጥነው፣ አተምነው፣ ለእናቴ ሰጠናት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችውና "እትዬ ጋ ስንት ቀን ነው የምንቀመጠው?" አለች። "አራት ቀን" አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። "እኔ አገር ለማየት አይደለም የምሄደው። ከእትዬ ጎን መቀመጥ ነው የምፈልገው" አለች።

እቅዱን ተውነው።

ይህን የምጽፈው ከልጅ እስከ አያት ይዛችሁ ዘመድ ልትጠይቁ ያሰባችሁ ካላችሁ ከዚህ ጥያቄ እንድትጀምሩ ነው። ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ትልቁን ሰው ጠይቁ። "የት መሄድ ትፈልጋለህ?" ብላችሁ ሳይሆን "ማንን ማየት ትፈልጋለህ? ስንት ቀን?" ብላችሁ። እኛ ይህን ዘግይተን ነው የጠየቅነው፣ መልሱ ግን የጉዞውን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ለወጠው። አሁን ስቶክሆልም 14 ቀን፣ ፍራንክፈርት 6 ቀን ነን። ወንድሜና የአክስቴ ልጅ እነሱ ወደ ስቶክሆልም ይመጣሉ። ወንድሜ የካናዳ፣ እሷ የእንግሊዝ ፓስፖርት ስላላቸው ስዊድን ለመግባት ቪዛ አይጠየቁም፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ቢመጡ ይሻላል ወይስ ስምንት ሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ሕፃን ጭምር፣ አትላንቲክን ይሻገር? ሲታይ ቀላል ነው። ግን እኛ ሁሉንም ቤት ካልረገጥን ዘመድ የሚቀየምብን መስሎን ነበር። ደውለን ስንጠይቅ ማንም አልተቀየመም። ወንድሜ እንዲያውም "እኔም እኮ እትዬን ካየኋት ቆየሁ" አለኝ።

የወረቀቱ ሥራም በዚሁ ቀለለ። በመጀመሪያው እቅድ ሦስት ቪዛ ያስፈልገን ነበር፤ የካናዳ፣ የእንግሊዝና የሼንገን (በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን የሚያስገባው)፣ ያውም ለስምንት ሰው። አሁን አንድ የሼንገን ቪዛ ስዊድንንም ጀርመንንም ይሸፍናል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፣ ለእኛ ስዊድን ማለት ነው። ቀናችሁ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት አገር ታመለክታላችሁ። መሃል ላይ ከሼንገን ወጥታችሁ ተመልሳችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለንደን ደርሳችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ መጠየቅ አለባችሁ።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ውሳኔው በተለምዶ በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል፣ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ስለሚችል፣ እባካችሁ ወደ መጨረሻው አታድርጉት። ስምንት ሰው ሲሆን የአንዱ መዘግየት የሁሉም መዘግየት ነው። እያንዳንዱ ሰው፣ የ3 ዓመቱ ልጅም ሳይቀር፣ የራሱ ማመልከቻ አለው። አሻራ ግን ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይሰጡም።

ፓስፖርቶቹን በአንድ ቀን ሰብስቡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። እኛ ያንን ስናደርግ የአባቴ ፓስፖርት ከምንመለስበት ቀን በኋላ አንድ ወር ብቻ ይቀረው ነበር። ለሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ሌሎች ብዙ አገሮች 6 ወር ይጠይቃሉ። የእህቴ ልጅ አባት አብሮን ስለማይሄድ ደግሞ "ልጄ ከእናቱ ጋር እንዲጓዝ ፈቅጃለሁ" የሚል ሕጋዊ ማረጋገጫ ያለው ደብዳቤ ያስፈልገናል፣ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር። ይህን ብዙ ቤተሰብ ይረሳዋል፤ ትዝ የሚለውም ድንበር ላይ ሲጠየቅ ነው።

ስም! ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ከዓመታት በፊት የእህቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ትኬት ተቆርጦላት፣ በረራው ሊሄድ ሲል እኛ ከአየር መንገዱ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ፊት እየተለማመንን ነበር። አሁን የስምንታችንንም ስም ሁለት ሰው ለየብቻ ነው የሚያየው። ትኬቱን የቆረጥነው ወደ ስቶክሆልም መግቢያ፣ ከፍራንክፈርት መውጫ አድርገን ነው፤ ወደ ስቶክሆልም መመለስ ሳያስፈልግ አንድ ረጅም መንገድ ይቀርልናል። እንዲህ ያለ ትኬት ስትይዙ ከመንገዱ አንዱን ክፍል ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ቀሪው በረራ ሊሰረዝባችሁ ይችላል። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዙ።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። ተሽከርካሪ ወንበር እንጠይቅልህ ስንለው ተቆጣ። "እኔ አልታመምኩም" አለ። እውነቱን ነው፣ አልታመመም። ግን ትልልቅ ኤርፖርቶች ውስጥ ከአንዱ በር ወደ ሌላው መሄድ ለ79 ዓመት ሰው ቀላል አይደለም፣ በተለይ ሌሊቱን ተቀምጦ ላደረ እግር። እኔ ብዙ አስረዳሁት፣ አልሰማኝም። ልጄ ናት ያሳመነችው። "አባባ፣ ጉልበትዎን ስቶክሆልም ከእኔ ጋር ለመዞር ያስቀምጡልኝ" አለችው። ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ "እሺ፣ ጠይቁ" አለ። አየር መንገዱ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ትኬት ሲቆረጥ ማስመዝገቡ ይመረጣል። በመሃል የምናርፍበትንም ጊዜ ሦስት ሰዓት አድርገነዋል። አጭሩ ትኬት ርካሽ ነበር። ግን ሽማግሌን አስሩጬ የማተርፈውን ገንዘብ አልፈልገውም።

አባቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወስዳል። ኢንሱሊን በምንም መንገድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። የ100 ሚሊ ሊትር የፈሳሽ ገደብ መድኃኒትን አይመለከትም፣ ግን የሐኪም ወረቀት አብሮ ይኑር። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ዋናው የሳይንስ ስሙ ይጻፍ፤ የንግዱ ስም ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ጠንከር ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ፈቃድ አያስገቡምና የምታልፉበትንም አገር ሕግ እዩ። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ ላይ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ይጨምራል። ሐኪሙ አባቴንም እናቴንም በየጊዜው ተነስታችሁ ተራመዱ፣ ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ ብሏቸዋል።

የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ለሼንገን ግዴታ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ቁጥሩ ብቻ አያርካችሁ። "ቀድሞ የነበረን በሽታ ይሸፍናል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ለወጣት ትርፍ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ለአባቴ ግን ዋናው እሱ ነው።

ጊዜውን የመረጡልን ዘመዶቻችን ናቸው። ስዊድን ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ረጅሙን ዕረፍት የሚወስደው ጁላይ ላይ ነው፣ የአክስቴ ልጆችም ያኔ ነው ቤት የሚሆኑት። ጀርመን ውስጥ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከክልል ክልል ይለያያልና የፍራንክፈርቶቹን ለብቻ ጠየቅን። ይህን ሁሉ ያወራነው በቪዲዮ ተሰብስበን ነው፤ ስቶክሆልም ሲመሽ ቶሮንቶ ገና ቀትር ስለሆነ ወንድሜ በምሳ ሰዓቱ ይገባል። አንድ ያልጠበቅነው ነገር ብርሃኑ ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ የምትወጣውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ። ሕፃን ልጅና እንቅልፉ የቀለለ አዛውንት ላለው ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። እዚያው ስቶክሆልም ያለው የአክስቴ ልጅ ወፍራም መጋረጃ እንደሚሰቅልልን ነግሮናል።

የት እናድራለን የሚለው ከሁሉም በላይ አከራከረን። አክስቴ ሁላችንም እሷ ጋ እንድናድር ትፈልጋለች፣ ሌላ ቤት ስንላት ከፋት። እኔ የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ። ደረጃው ስንት ነው፣ ሊፍት አለ ወይ፣ መታጠቢያው ውስጥ ለመግባት እግር ምን ያህል መነሳት አለበት? በመጨረሻ እናቴ ብቻ አክስቴ ጋ ታድራለች፣ እኛ ደግሞ በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቅ ቤት ተከራየን። ልጅ ሲያለቅስ ወጣ የምንልበት፣ አባቴ ከሰዓት ጋደም የሚልበት ቦታ ኖረን ማለት ነው። እህትማማቾቹም ብቻቸውን ይሁኑ። 19 ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ሁሉ ሰው ፊት አይወራም።

ስለ ገንዘብ በግልጽ ተነጋገርን። ማን ምን እንደሚከፍል ተጻፈ። ይኸው ነው።

አደራ ዕቃን በተመለከተ ግን ጨከን አልኩ። ጉዞ መሰማቱ አይቀርም፣ "ይህችን ለእገሌ አድርስልኝ" ይመጣል። ተከፍቶ ያላየነውን ዕቃ አንይዝም፣ ከማንም ይሁን። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ደግሞ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ይህን ቀደም ብላችሁ ከተናገራችሁ ማንም አይከፋውም።

ልጄ ራሷ የፈለገችው ሥራ አላት። ማን የማን ልጅ እንደሆነ በትልቅ ወረቀት ላይ እየሣለች ነው። ስቶክሆልም ያሉት የእድሜ እኩዮቿ የሚቀላቸው ስዊድንኛ ነው፣ ፍራንክፈርት ያሉት ጀርመንኛ። ወረቀቱን መሃል አስቀምጠው ስም እየጠቆሙ መጀመር ይችላሉ ብላ አስባለች። በየማታው አያቷ ጋ ሄዳ አንድ ሰው ትጠይቃለች፤ እኔ ሰምቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ጭምር እናቴ እየነገረቻት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባዶ ትተናቸዋል። ምንም አልያዝንባቸውም።

የአባቴ አዲስ ፓስፖርት ባለፈው ሳምንት ወጣ። ለአሻራና ለማመልከቻ የተቀጠርነው የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። እናቴ ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ ከአሁኑ በሩ ላይ ሰቅላዋለች።