እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ጆተኒ ስንጫወት ጓደኛዬን 4 ለ 1 እየመራሁት ነበር። እስከ 5 ነው የምንጫወተው። ኳሷን ሊጥል ሲል ቆም አለና «አንተ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ? ደህና ነህ አይደል?» አለኝ። ከልቡ ያዘነ ነው የሚመስለው። እጄ ምንም አልሆነም! ግን ከዚያ በኋላ ኳሷን ትቼ እጄን ማየት ጀመርኩ፣ እሱን ሳይ ደግሞ 5 ለ 4 ተበላሁ።

አጭበረበረኝ እንዳልል ሕግ አልጣሰም፤ የጠየቀው ጤናዬን ነው። እንግሊዞች ለዚህ ቃል አላቸው፣ ጌምስማንሺፕ ይሉታል። ስፖርትስማንሺፕን ሁላችንም እናውቃታለን፣ በጨዋነት መጫወት ናት። ከእሷ ላይ «ስፖርት»ን አንስተው «ጌም» ሲተኩበት ጨዋነቱም አብሮ ወጣ።

ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመ መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ ያስለመደው ግን ስቴፈን ፖተር የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው፣ በ1947 ባወጣው የቀልድ መጽሐፍ። ንዑስ ርዕሱ ራሱ «ሳያጭበረብሩ ጨዋታ የማሸነፍ ጥበብ» እንደማለት ነው። ፖተር እንደሚተርከው ነገሩ የተጀመረው በ1931 ቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። እሱና ፈላስፋው ሲ.ኢ.ኤም. ጆድ ከሁለት ወጣት ተማሪዎች ጋር ገጥመው እየተሸነፉ ነው። ጆድ የመለሳት ኳስ ከመስመሩ 3 ሜትር ተኩል ያህል አልፋ የኋላውን መረብ መታች። ክርክር የለውም፣ ውጭ ናት። ልጆቹ ለሚቀጥለው ሰርቭ ሲዘጋጁ ግን ጆድ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ኳሷ ውስጥ ትሁን ውጭ እባካችሁ በግልጽ ተናገሩ አላቸው። በቃ፣ ይቺው ናት። ልጆቹ ደነገጡ። እንደገና እንጫወታት ቢሉት አይሆንም አለ። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸው ተበተነ፣ ጨዋታውንም ተሸነፉ።

ልጆቹን የጣላቸው ይሉኝታ ነው! ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ «ጋሼ፣ መነጽር ይግዙ» ብለውት ጨዋታቸውን ይቀጥሉ ነበር። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ «ሰው ምን ይላል» እየተባልን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ለዚህ ዘዴ እንደኛ የሚመች ሰው ያለ አይመስለኝም። የገና ጨዋታ እንኳን ይሻላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ስድቡም ልግጫውም በግላጭ ነው፣ አንተም እዚያው ትመልሳለህ። አዝኖ «ደህና ነህ?» ለሚልህ ሰው ግን ምን ይመለሳል?

እኔ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው ያልኩት። የተሸነፈ ይከፍላልና ከፍዬ ወጣሁ።